ስሙን ስጠራው አይዞርም፤ አምፖል ግን ሲያይ ይውላል

የባቢ እናት (ጀሞ)፦ ሰኞ፣ ከሌሊቱ 8:40

ሰላም እናቶች። በዚህ ሰዓት የምጽፈው እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው። ባቢ አጠገቤ ተኝቷል። አሥር ወር ተኩል ሆኖታል፤ የመጀመሪያ ልጄ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ቲክቶክ ላይ ልጇ ኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የዕድገት ችግር) ያለበት አንዲት ሴት የልጇን የድሮ ቪዲዮዎች እያሳየች «ያኔ ምልክቶቹን ብናውቅ ኖሮ» ትላለች። ልጇ የሚያደርገውን ሁሉ ባቢም ያደርጋል። ከዚያ ወዲህ ስልኬ ሌላ ነገር አላሳይ ብሎኛል።

የማየው ይህን ነው። ስሙን ስጠራው አይዞርም። አሥር ጊዜ ብጠራው ሁለቴ ቢዞር ነው። ጡት ሲጠባ ዐይኔን አያይም፣ አምፖሉን ነው የሚያየው። ሳሎን ቁጭ ሳደርገውም አንጋጦ አምፖሉን ያያል። የመጫወቻ መኪና ስሰጠው ገልብጦ ጎማውን ያሽከረክራል። ደስ ሲለው እጆቹን እንደ ክንፍ ያርገበግባል። «ማማማ» ይላል፤ እኔን ይበለኝ ግድግዳውን ግን አላውቅም።

አማቴ «አባቱም አፉን የፈታው በሦስት ዓመቱ ነው፣ ተይው» ይላሉ። ባለቤቴ «ልጁን በወሬ አሳመምሽው» ይላል። የዘጠኝ ወር ክትባቱን ዘግየት ብለን ስናስከትብ ለሐኪሙ ነገርኩት። መዘነው፣ «ኪሎው ጥሩ ነው» አለኝ፣ ቀጣዩን ጠራ።

ኦቲዝም በዚህ ዕድሜ ይታወቃል? እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ። «ደህና ነው» ብቻ አትበሉኝ፤ እሱን የሚለኝ ሰው ቤቴ ሞልቷል።


ሰሚት ማሚ፦ ሰኞ፣ ጠዋት 1:10

ውዴ፣ ገና ጨቅላ እኮ ነው! የኔም እጁን ያርገበግብ ነበር። አሁን አራት ዓመቱ ነው፤ አፉ የሚያርፈው ሲተኛ ብቻ ነው። ቲክቶክሽን ዝጊ፣ አጥሚትሽን ጠጪ፣ ተኚ።


የዮኒ እናት፦ ሰኞ፣ ረፋድ 4:25

ሰሚት፣ በቅን ልብ እንዳልሽው ይገባኛል። ግን እኔንም «ተኚ» ብለውኝ ነበር።

ዮኒ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት። ሕፃን እያለ የሚያስደነግጥ ነገር አልነበረውም፤ እንዲያውም የሚያስመሰግን ልጅ ነበር። አያለቅስም። ባስቀመጥኩት ይቀመጣል። ዘመድ ሲመጣ «እንዴት ያለ ጨዋ ነው፣ አንገቱን የደፋ!» ይለኛል፤ እኔም ደረቴን እነፋለሁ። እኛ አገር ዐይን ዐይን የማያይ ልጅ ይመረቃል እንጂ ሐኪም ቤት አይወሰድም። አሁን ሳስበው ጨዋነት አልነበረም። ከኔ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ሌላ ሰው ሲያቅፈው አይከፋውም፣ እኔ ከሥራ ስመለስም አይፈነድቅም።

ውሃ ሲጠማው እጄን ይዞ ይጎትተኝና ጆጉ ላይ ያሳርፈዋል። ፊቴን ቀና ብሎ አያይም። እጄ የቤት ዕቃ የሆነ ይመስል ነበር። ጣቱን ቀስሮ «ያውና!» ያለኝ ቀን የለም። አውሮፕላን ሲያልፍ፣ ውሻ ሲሮጥ፣ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ለእናቱ ያሳያል። የኔ አያሳይም። ግን ይህን ያኔ አላየሁትም። ልጅ የሚያደርገው ነገር ዐይንሽ ውስጥ ይገባል፤ የማያደርገውን ማን ያይልሻል?

በዓመት ከሦስት ወሩ «ማማ»፣ «ውሃ»፣ «በቃ» ይል ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሦስቱም ጠፉ። «ቡዳ በልቶት ነው» ተባለ። ሁለት ዓመት ጸበል ተመላለስን። በጸበሉ አላማርርም፣ እኔን ራሴን ያቆመኝ እሱ ነው። የሚቆጨኝ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ እንደሚቻል የነገረኝ ሰው አለመኖሩ ነው። በመጨረሻ ወደ ሐኪም የላኩኝ የንስሐ አባቴ ናቸው። «ሐኪሙንስ ማን የፈጠረው መሰለሽ?» አሉኝ።

«ኦቲዝም» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በቴሌቪዥን ሲናገሩ ነው። ነፍሳቸው በሰላም ትረፍ። ለልጃቸው የሚሆን ቦታ ሲያጡ እንደ ፈረንጆቹ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱ ሴት ናቸው። እሳቸው ልጃቸውን ይዘው አደባባይ ባይወጡ ኖሮ ስንቶቻችን ልጆቻችንን ጓዳ ዘግተን በቀረን።

የባቢ እናት፣ የዮኒ ታሪክ የባቢ ነው እያልኩሽ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። አምፖሉ ሲበራ፣ አምፖሉን አይቶ ዞር ብሎ አንቺን ያያል?


የባቢ እናት፦ ሰኞ፣ ረፋድ 5:05

አያይም። ወይ አላስተዋልኩም። ጥያቄሽን ካነበብኩ ጀምሮ ማብሪያውን ስድስት ጊዜ አጠፋሁ፣ አበራሁ። አምፖሉን ብቻ ነው የሚያየው። እያለቀስኩ ነው የምጽፈው።


ሲስተር ከባሕር ዳር፦ ሰኞ፣ ከሰዓት 8:30

ማብሪያውን ተዪው እህቴ። የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ፤ የዕድገት መዘግየት ያለባቸው ልጆች ክትትል ላይ ሠርቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ልጅሽንም አላየሁትም። የማውቀውን ልንገርሽ።

በአሥር ወር ማንም ሰው «ኦቲዝም ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ ሊፈርም አይችልም። ልምድ ያለው ባለሙያ በሁለት ዓመት አካባቢ አስተማማኝ መልስ ሊሰጥ ይችላል። በሌላ በኩል ነገሩ ከዚያ በፊት እንደሚጀምር ይታወቃል። እንደ ፈረንጆቹ በ2013 ኔቸር የተባለ የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ነበር። በኋላ ኦቲዝም እንዳለባቸው የተረጋገጠ ሕፃናት፣ ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ ሰው ዐይን ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ቀስ በቀስ ሲቀንስ ታይቷል። ግን ልብ በይ፣ ያ የተለካው የዐይን እንቅስቃሴ በሚከታተል ልዩ መሣሪያ ነው። ጡት እያጠባሽ በዐይንሽ የምትለኪው ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዝርዝርሽ። እጅ ማርገብገብ፣ ጎማ ማሽከርከር፣ አምፖል ማየት፦ ሦስቱንም ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊያቸው። በዚህ ዕድሜ ሲደሰት እጁን የማያርገበግብ ሕፃን ነው የሚገርመኝ። የሚያበራና የሚሽከረከር ነገርም ሁሉንም ይስባል። የአሥር ወር ልጅ ጡት ላይ ሆኖ እዚህም እዚያም ያያል፣ ጡቱ መክሰስ ሆኖበታል። እነዚህ ነገሮች የሚያሳስቡኝ ልጁን ከሰው ሲነጥሉት ነው። ጠርተሽው፣ ኮርኩረሽው፣ ዘፍነሽለት እንኳ ከጎማው መላቀቅ ሲያቅተው ማለት ነው።

እኔ ባየው የምፈልገው ሌላ ነው። ስትስቂለት መልሶ ይስቃል? ፊትሽን በነጠላ ሸፍነሽ ብቅ ስትዪ ይጠብቅሻል? እንድታነሺው እጆቹን ይዘረጋልሻል? ከክፍሉ ስትወጪ ይታወቀዋል? ብሌንደር ድንገት ሲጮህ «ይህ ምንድነው?» በሚል ዓይነት ፊትሽን ያያል? «ባባባ» ሲል አንቺም «ባባባ» ብትዪው ተራውን ጠብቆ ይመልሳል? ከሰው ጋር መቀባበል አለ ወይ ነው ጥያቄው። ዓመት ሲሞላው ደግሞ ቻው ማለት፣ ማጨብጨብ። እየቆየ ጣት መቀሰር ይመጣል፣ መጀመሪያ «ስጪኝ» ለማለት፣ ቀጥሎ «እዪልኝ» ለማለት። በዓመት ተኩሉ «እዪልኝ» ብሎ የማያሳይ ልጅ መታየት አለበት። የነበረው ቃል ወይም ፈገግታ የጠፋበት ልጅ ደግሞ፣ እንደ ዮኒ፣ በየትኛውም ዕድሜ ሳይውል ሳያድር ይታይ።

ስም አለመስማቱን ግን አልንቀውም። በዘጠኝ ወር አብዛኞቹ ሕፃናት ስማቸው ሲጠራ ዞር ይላሉ። ስለዚህ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ጆሮውን አስመርምሪ። ከኋላው አጨብጭቦ ማየት ምርመራ አይደለም፤ ነፋሱም ጥላውም ያዞረዋል። ትንሽ የሚሰማ ልጅ በር ሲመታ ይደነግጣል፣ ንግግር ግን ያመልጠዋል። ከአንገት በላይ ክፍል ያለበት ሆስፒታል ሄደሽ ለሕፃን የሚደረገውን የመስማት ምርመራ ጠይቂ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ያስቅሽ ይሆናል። ልጁ ስንት ስም አለው?


የባቢ እናት፦ ሰኞ፣ ከሰዓት 9:15

ኧረ ሲስተር! ቆጠርኳቸው እኮ። እኔ ባቢ እለዋለሁ። አባቱ ሻምበል። አማቴ በክርስትና ስሙ ኃይለ ሚካኤል። እህቴ ማሙሽ። ሠራተኛችን አቡሽ። ልደት ሰርተፍኬቱ ላይ ናትናኤል ነው የሚለው፤ በሱ ደግሞ ማንም ጠርቶት አያውቅም።


ሲስተር ከባሕር ዳር፦ ሰኞ፣ ማታ 2:00

ይቅርታ አድርጊልኝና ሳቅሁ። ታዲያ ምስኪኑ የትኛውን ነው የሚዞርልሽ? ይህን በየቀኑ አያለሁ። የምዘና ቅጹ «ስሙ ሲጠራ ይዞራል?» ይላል፤ ቅጹ የተሠራው አንድ ስም ላለው ልጅ ነው። ቤተሰቡን ሰብስቢና አንድ ስም ምረጡ። አማትሽ ቅር ካላቸው የክርስትናውን ለጸሎት ያቆዩት። ደግሞም በቀን መቶ ጊዜ በከንቱ አትጥሩት፤ ስሙ እንደ ማቀዝቀዣ ድምፅ ይሆንበታል። ስትጠሪው የሚጠብቀው ነገር ይኑር፣ መሳም ወይም ሙዝ።


ሀቅ ፈላጊ፦ ሰኞ፣ ማታ 3:20

ማንም ደፍሮ የማይናገረውን ልንገራችሁ። ልጁ የዘጠኝ ወር ክትባት ወሰደ፣ ከዚያ ምልክት ታየበት። አንድና አንድ መደመር ነው። ድሮ ክትባት ሳይኖር ኦቲዝም የሚባል ነበር እንዴ?


ሲስተር ከባሕር ዳር፦ ሰኞ፣ ማታ 3:50

ድሮ ነበር ወንድሜ። «ዝምተኛው»፣ «የዋሁ»፣ «የተለከፈው» ይባል ነበር፤ ጓዳ ነበር የሚያድገው።

የክትባቱን ወሬ አመጣጥ ልንገርህ። እንደ ፈረንጆቹ በ1998 አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም፣ አንድሩ ዌክፊልድ፣ የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ፣ በ12 ልጆች ላይ ብቻ የተመሠረተ ጽሑፍ ላንሴት የተባለ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። ሥራው ሲመረመር ብልሹ ሆኖ ተገኘ፤ መጽሔቱ በ2010 ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ ሰረዘው፣ እሱም የሕክምና ፈቃዱን ተነጠቀ። በ2019 ዴንማርኮች ከ650,000 በላይ ልጆችን ተከታትለው የተከተቡትንና ያልተከተቡትን አነጻጸሩ። በክትባት ምክንያት የጨመረ ኦቲዝም አላገኙም።

«ከክትባቱ በኋላ ታየ» የሚለው ለምን እውነት እንደሚመስል ግን ይገባኛል። እኛ አገር የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ነው የሚሰጠው። ልጅ ስሙን ማወቅ፣ መጠቆምና መናገር ያለበትም ልክ በዚያው ጊዜ ነው። የጎደለው ነገር የሚታየው ያኔ ነው። ቅድም ያልኩት የዐይን ጥናት ደግሞ ልጁ ገና ስድስት ወር ሳይሞላው ስለሚታይ ለውጥ ነው፤ የኩፍኝ መርፌ ያኔ የት ነበር? ኩፍኝ የሚገድላቸው ልጆች አሁንም አሉን። እናት በፍርሃት የ15 ወሩን እንዳትዘል ስለምሰጋ ነው የተቆጣሁት።


የዮኒ እናት፦ ሰኞ፣ ማታ 4:10

አመሰግናለሁ ሲስተር። እኔ በዚህ ወሬ የተነሳ የሁለተኛዋን ልጄን ክትባት ልዘልላት ነበር። በዮኒ የተነሳ ዓመታት ራሴን ስወቅስ ኖሬያለሁ፤ ያስከተብኩት እኔ፣ በእርግዝና የተናደድኩት እኔ፣ ሥራ የገባሁት እኔ። ድሮ ፈረንጆቹም ሐኪሞቻቸው ሳይቀሩ «እናትየዋ ቀዝቃዛ ስለሆነች ነው» ይሉ ነበር አሉ። በኋላ ነው ነገሩ በአብዛኛው ከዘርና ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዘ መሆኑን የደረሱበት።

ሁለተኛዋን እንዴት እንዳሳደግኳት አትጠይቁኝ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ታናሽ ላይ የመታየት ዕድሉ ከአምስት አንድ ያህል ነው። እኔም አምስት ጣቴን እየቆጠርኩ ዓመት ሙሉ አፈጠጥኩባት። ሰባት ወሯ ላይ ገና ሳያት ፊቷን ታዞር ጀመር። ሰልችቷት ነበር!


የሶልያና አባት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ ማክሰኞ፣ ረፋድ 5:40

ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

የኔ ልጅ ሴት ናት፣ አራት ዓመቷ ነው። እዚህ አገር በ18 ወርና በ24 ወር ሐኪሙ ለወላጅ የኦቲዝም ምልክት መፈለጊያ ቅጽ ይሰጣል። ኤም-ቻት ይባላል። «ልጅዎ ጣቷን ትቀስራለች?»፣ «ሌሎች ልጆች ይስቧታል?»፣ እንዲህ ዓይነት 20 ጥያቄ ነው። ባለቤቴ ሁሉንም «አዎ» ብላ ሞላችው። እኔም አጠገቧ ቆሜ ነበር። ውሸት መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ነጯ ነርስ ፊት «ልጄ አትጠቁምም» ብሎ መጻፍ ስሟን ማጥፋት መሰለን። እንግዲህ ይሉኝታ እዚህም ተከትሎን መጥቷል። ስድስት ወር አጠፋን። ደግሞ ሴት ልጅ ስትሆን ዝምታዋ «ዓይናፋርነት» ይባላል፣ ማንም አይጠረጥርም።

አሜሪካ ላላችሁ፦ ልጁ ሦስት ዓመት ካልሞላው የሐኪም ወረቀት መጠበቅ የለባችሁም። በየክፍለ ግዛቱ የሕፃናት ቅድመ ድጋፍ ፕሮግራም አለ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን ይባላል። ራሳችሁ ደውላችሁ «የልጄ ዕድገት ያሳስበኛል» ማለት ትችላላችሁ። ምዘናው በነፃ ነው። ጥያቄያችሁ ከደረሳቸው ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ መዝነው፣ የሚገባት ከሆነ ዕቅድ ለማውጣት ከናንተ ጋር መቀመጥ አለባቸው። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። «ኦቲዝም» የሚል ወረቀት እስኪመጣ አይጠበቅም፤ መዘግየት መኖሩ ይበቃል። ሦስት ዓመት ሲሞላ ጉዳዩ ወደ ትምህርት ዲስትሪክቱ ይዛወራል።

በ2025 የወጣው የሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) ሪፖርት ከ31 የስምንት ዓመት ልጆች አንዱ ይላል። ሀበሻው ይህን ሲሰማ «የአሜሪካ በሽታ» ይላል። እነሱ ይቆጥራሉ፣ ይመዘግባሉ። እኛ ቆጥረን እናውቃለን?

አንድ ቁጭት ልጨምር። አንዲት ባለሙያ «ልጅቷ እንዳትደናገር አማርኛውን ተዉት» አለችን፣ ተውነው። እናቴ ከኛ ጋር ነው የምትኖረው፣ እንግሊዝኛ አትችልም። ስምንት ወር ሙሉ ከልጅ ልጇ ጋር በዝምታ ተፋጠጡ። በኋላ ሌላ የንግግር ባለሙያ ስታገኘን «ማን ነው እንዲህ ያላችሁ?» አለች። ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም አያመጣም፣ አያባብስምም። ሶልያና የመጀመሪያ ቃሏን ያወጣችው ለእናቴ ነው፤ «ነይ» አለቻት።


ሰሚት ማሚ፦ ማክሰኞ፣ ከሰዓት 7:00

«ነይ» 😭 አስለቀስከኝ እኮ። ትናንት ለጻፍኩት ይቅርታ የባቢ እናት። ግን አጥሚቱ ላይ አቋሜ አልተቀየረም።


ብርቄ ኩዌት፦ ማክሰኞ፣ ሌሊት 6:20

እኔ እናት አይደለሁም። ሰው ቤት ነው የምሠራው። እዚህ መንታ አሳድጌያለሁ፣ ሴትና ወንድ። ሴቷ ገና ስገባ እጇን ትዘረጋልኛለች። ወንዱ ሳነሳው እንደ ጆንያ ነው፤ ሰውነቱን አያዘጋጅልኝም። ሩዝ ስሰጣቸው ሴቷ የኔን ፊት እያየች ትበላለች፣ እሱ ሳህኑን። ለማዳም ስነግራት ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። «ልጄን አሟረትሽበት» አለች። በዓመቱ ሐኪም ያንኑ ነገራት።

መንታ ስለነበሩ ነው ያወቅኩት፣ ጎን ለጎን ሲሆን ይታያል። የኔ ምክር፦ ቤታችሁ ልጅ የምትይዝ ሴት ካለች ጠይቋት። ቀን ቀን የምትውለው እሷ ናት። ፈርታ ይሆናል እንጂ ታውቃለች።


ማኪ 77፦ ረቡዕ፣ ጠዋት 3:00

ስለ ስልክስ ምን ትላላችሁ? የጎረቤቴ ልጅ ዩቲዩብ ከፍተው እያበሉት ነው እንዲህ የሆነው ይባላል።


ሲስተር ከባሕር ዳር፦ ረቡዕ፣ ቀን 6:45

ስክሪን ኦቲዝም እንደሚፈጥር የተረጋገጠ ነገር የለም። ግን ስልክ ላይ ያለ ልጅ ከሰው ጋር የሚቀባበልበትን ሰዓት ይነጠቃል። የዓለም ጤና ድርጅትም ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን ጨርሶ አይመክርም። ስልኩን ከልጁ አርቁ። ስልኩን ስላቆማችሁ ብቻ ምርመራውን ግን አትተዉ።

ብርቄ፣ የጻፍሽው ከኛ ሥልጠና ወረቀት ይበልጣል።


የባቢ እናት፦ ረቡዕ፣ ማታ 1:30

ብርቄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ሠራተኛችንን ዛሬ ቁጭ አድርጌ ጠየቅኳት። መጀመሪያ «እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ» አለች። ቆይታ ምን አለችኝ? «አንሶላ ሳጥፍ ከሥር ገብቶ ይጠብቀኛል፤ ስገልጠው ይስቃል፤ ካልገለጥኩት ይጮህብኛል።» አሳየችኝ። እውነቷን ነው! ለኔ እንዲህ ስቆልኝ አያውቅም።

ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ቅናት ያዘኝ።


የዮኒ እናት፦ ረቡዕ፣ ማታ 2:15

አትቅኚ። እሷ እየተጫወተች ነው፣ አንቺ እየፈተንሽው ነው። ሦስት ሳምንት ልጅሽ ፈተና ላይ ነው የሰነበተው። ስሙን ጠርተሽ ሰዓት ትቆጥሪያለሽ፣ ፊቱ ላይ ተደፍተሽ ዐይኑን ትፈልጊያለሽ። ጨቅላም ሲጨናነቅ ፊቱን ያዞራል እኮ። ያዞረውን ደግሞ «ምልክት» ብለሽ ትመዘግቢያለሽ። ይህን የምልሽ ስላደረግኩት ነው። እንቅልፍ ማጣቱና ማልቀሱ ከቀጠለ ለራስሽም ሐኪም አማክሪ፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ጭንቀት ዓመት ሊሞላ ሲልም አለ።

እኔ የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀውን ሥልጠና ወስጃለሁ፤ እዚህ አገርም ተሞክሯል። ዘጠኝ ጊዜ በቡድን እንገናኛለን፣ ሦስት ጊዜ ቤት ድረስ ይመጣሉ። አንዱን ልስጥሽ። ዮኒ የድስት ክዳን ማሽከርከር ይወድ ነበር። እኔ ክዳኑን ስነጥቀው ኖሬያለሁ። «አትንጠቂው፣ ሌላ ክዳን ይዘሽ አጠገቡ ቁጭ በይ» አሉኝ። ሁለታችንም ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠን ክዳን አሽከረከርን፤ ባለቤቴ ሲገባ ሁለታችንም የለቀቅን መሰለው። በአራተኛው ቀን ዮኒ የኔን ክዳን አየ። ከዚያ ፊቴን አየ። በአምስት ዓመቱ።

አንቺም ጎማውን አብረሽው አሽከርክሪ። በሽታ ቢኖርም ባይኖርም የሚጎዳው ነገር የለም። ደግሞ ሲበላና ሲጫወት ሁለት ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ቅጂ። ሐኪም ፊት ሁሉም ልጅ ይለወጣል።


የባቢ እናት፦ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማታ 2:40

ጠፍቼ ነበር። የጆሮ ምርመራ አስደረግን፣ ሁለቱም ጆሮው ደህና ነው። ግማሹ ልቤ «ምነው ጆሮው በሆነ» ብሎ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ አንድ የሕፃናት ሐኪም ጋር ሄድን። እኚህ እንደ በፊቱ አልመዘኑም። ቪዲዮዎቹን አዩ፣ ምንጣፍ ላይ ወርደው ከባቢ ጋር ግማሽ ሰዓት ተጫወቱ። «አሁን የምሰጥሽ ስም የለኝም» አሉኝ። የሚያረካ ነገር አይተዋል፣ ሊከታተሉት የሚፈልጉትም አለ። ዓመት ሲሞላው፣ ከዚያ በ18 ወሩ ከቅጹ ጋር እንድመለስ ቀጠሩኝ። እስከዚያ የንግግር ባለሙያ በወር አንዴ ታየዋለች።

ቤተሰቡ ባቢ በሚለው ተስማምቷል። ሻምበሉ ማዕረጉን በፈቃዱ መልሷል።


የባቢ እናት፦ ከሁለት ወር በኋላ፣ ማታ 4:05

ዓመት ከአንድ ወር ሆነው። ቻው ይላል፣ እጁን ወደ ራሱ አዙሮ ነው እንጂ። ከአሥር ስድስቴ ይዞራል። ጣቱን ገና አይቀስርም። የዓመቱን ቀጠሮ ሄደናል፣ የሚቀጥለው አለ።

ዛሬ የጻፍኩት ለሌላ ነገር ነው። ቅድም እራት ላይ መብራት ጠፋ። በሻማ ነበርን፣ ባቢ ጭኔ ላይ። ሩብ ሰዓት ቆይቶ መብራቱ መጣ። አምፖሉን አየ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየ። ከዚያ እንደገና አምፖሉን።

ምንም አላልኩም። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህ ይቆጠራል?


ሲስተር ከባሕር ዳር፦ ማታ 4:20

ይቆጠራል። ቀኑን ጻፊው። የ18 ወሩን ቀጠሮ ግን እንዳትሰርዢ።


የዮኒ እናት፦ ማታ 4:22

አንብቤ ዮኒን ቀሰቀስኩት። አሁን እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ክዳን እያሽከረከርን ነው።